አስፈሪ አጭር ልቦለድን ማን ጀመረው? (ክትፎ ተይዞበታል)

ኩራዝ
ሰላም ቤተሰብ። ቅዳሜ ቡና ላይ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ተጨቃጨቅን። «ሆረር አጭር ልቦለድን የፈጠረው አሜሪካዊው ኤድጋር አላን ፖ ነው፣ አለቀ ደቀቀ» አለ። እኔ ደግሞ «ፖ ሳይወለድም እኮ ሰው ይፈራ ነበር» አልኩት። ነገሩ ከረረና ክትፎ ተወራረድን። ጾም ሳይገባ መበላት ስላለበት ቶሎ ፍረዱን።

የማውቀውን ላስቀድም። ብዙ ሰው መነሻ የሚያደርገው እንግሊዛዊውን ሆራስ ዋልፖልን ነው። በ1764 መጨረሻ ላይ «የኦትራንቶ ግንብ» የሚል መጽሐፍ አወጣ። (ዓመቱ በፈረንጅ ነው፣ ሰባት ስምንት ቀንስ እንዳትሉኝ።) ታሪኩ በሠርግ ቀን ይጀምራል። ሙሽራው ከየት እንደመጣ በማይታወቅ ግዙፍ የብረት ቆብ ተጨፍልቆ ይገኛል። ዋልፖል መጀመሪያ ላይ «ከጣሊያንኛ የተተረጎመ የድሮ ጽሑፍ ነው» ብሎ ነበር ያወጣው። ሰው ሲወድለት በሁለተኛው እትም «የኔ ነው» አለ። ብልጥ!

ግን እሱ ረጅም ልቦለድ ነው። እኔ የምጠይቀው ስለ አጭሩ ነው። ማታ አንብበኸው ሽንት ቤት ለመሄድ የሚያስፈራህ ዓይነቱ። እሱን ማን ጀመረው?

ዝምተኛ
ፖ ነው። ክፈል።

የማታ ሹፌር
ከዲሲ ነኝ፤ ማታ ማታ ነው የምነዳው። ኤርፖርት ተሰልፌ ተራዬን ስጠብቅ በስልኬ አነባለሁ። እኔም ለጓደኛህ ነው የምፈርደው። «ፈጠረው» የምትለዋን ቃል ግን አልወድም። ሕግ ያወጣለት እሱ ነው ብንል ይሻላል።

ትምህርት ቤት «አጭር ልቦለድ ማለት በአንድ ቁጭታ ተነቦ የሚያልቅ» እያልን የሸመደድናት ትዝ ትላችኋለች? ሥሯ ከፖ ነው። በ1842 ስለ አሜሪካዊው ደራሲ ናትናኤል ሆቶርን ተረኮች ሲጽፍ ነው ያስቀመጣት። ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ይበቃል ይላል። ከዚያ ካለፈ አንባቢው ተነሥቶ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል፣ የተያዘው ስሜት ይበተናል። ስለዚህ ደራሲው በቅድሚያ አንድ ስሜት ይምረጥ፣ እያንዳንዱ ቃል ለዚያ ስሜት ይሥራ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ካልሠራ ገና ከጅምሩ ወድቋል።

በተግባር ማየት የፈለገ በጥር 1843 የወጣችውን ያንብብ። በአማርኛ «አሳባቂው ልብ» ልበላት። ተራኪው ስም የለው፣ አገር የለው። አብሮት የሚኖረውን ሽማግሌ ይወደዋል፣ ገንዘቡንም አይፈልግም። የጠላው ዓይኑን ነው። ፈዛዛ ሰማያዊ፣ ሞራ የለበሰ፣ የጥንብ አንሣ የመሰለ ዓይን። ሰባት ሌሊት፣ ልክ እኩለ ሌሊት ሲሆን፣ የሽማግሌውን በር ይከፍታል። ጭንቅላቱን ብቻ ለማስገባት አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። የያዘው ፋኖስ መከለያ አለው። እሱን በትንሹ ገርበብ አድርጎ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነች ብርሃን ዓይኑ ላይ ይለቃል። ዓይኑ ግን እንደተጨፈነ ነው፤ ካልተገለጠ ደግሞ መግደል አይሆንለትም። በስምንተኛው ሌሊት አውራ ጣቱ ፋኖሱ ላይ ሸርተት ትልበታለች። ሽማግሌው ብድግ፣ «ማነው?»

ከዚያ ዝም። አንድ ሰዓት ሙሉ ሁለት ሰው ጨለማ ውስጥ ይደማመጣል። ግንብ የለ፣ መንፈስ የለ፣ ሰንሰለት የለ። ያን ሌሊት የኋላ ወንበር ላይ ያለ ተሳፋሪ ሲያስነጥስ መኪናዋን ከመንገድ ላስወጣት ነበር።

በርሊን ማዶ
ፖ ላይ ክፋት የለኝም። ግን የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ፣ በ1816፣ እዚህ በርሊን የሚኖር ሰው «የአሸዋው ሰውዬ» የሚል አጭር ታሪክ አሳትሞ ጨርሶ ነበር። ኢ. ቲ. ኤ. ሆፍማን። ቀን ፍርድ ቤት የሚውል የሕግ ሰው፣ ማታ ደራሲ።

ሞግዚቷ ለልጆቹ የምትነግራቸውን ስሙ። የአሸዋው ሰውዬ አልተኛም ያለ ልጅ ዓይን ላይ አሸዋ ይበትናል። ዓይኖቹ ደም በደም ሆነው ዱብ ይላሉ። ለቅሞ በከረጢት ይከታቸውና ጨረቃ ላይ ላሉ ልጆቹ ምግብ ይወስድላቸዋል። የሱ ልጆች እንደ ጉጉት ቆልማማ አፍ አላቸው።

«ዝም በል አያ ጅቦ መጣልህ» እየተባለ ያደገ ይገባዋል። ልዩነቱ፣ እኛን አያ ጅቦ ስናድግ ተወን። የሆፍማን ባለታሪክ ናትናኤል ግን ዩኒቨርሲቲ ገብቶም አልተለቀቀም። መነጽር የሚሸጥ ሰው በሩን ሲያንኳኳ ያው የልጅነቱ ሰውዬ ይመስለዋል። በመስኮት አሻግሮ ያፈቀራት ቆንጆ በመጨረሻ አሻንጉሊት ሆና ትገኛለች፣ የምትሽከረከር፣ የምትደንስ። ሰውዬው እውነት ነው ወይስ ናትናኤል አብዷል? ሆፍማን ቁርጡን አይነግርህም። የሥነ ልቦናው ሊቅ ፍሮይድ በ1919 እያወቅነው እንግዳ ስለሚሆንብን ነገር ሲጽፍ ይህንን ታሪክ ነው ይዞ የተቀመጠው።

ስለዚህ ፍርሃትን ከግንብ አውጥቶ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ያስገባው ሆፍማን ነው። ፖ ተከራይ ነው።

የማታ ሹፌር
@በርሊን ማዶ ወንድሜ፣ ይሄ ክስ ፖ በሕይወት እያለም ቀርቦበታል። «ታሪኮችህ የጀርመን ሽታ አላቸው» ብለውት በ1840 መድበሉ መግቢያ ላይ መልሷል። የኔ ፍርሃት የጀርመን አይደለም፣ የነፍስ ነው አለ። ጉዳዩ ተዘግቷል።

በርሊን ማዶ
ተከሳሽ «አላደረግሁም» ስላለ ፋይል ይዘጋል እንዴ?

የጎተራዋ
ሁላችሁም ስለ ሊቅ ታወራላችሁ። ማን ከፈለው ብሎ የጠየቀ ግን የለም። ማተሚያ ቤት አካባቢ ስለምሠራ ይሆናል መጀመሪያ የሚታየኝ ወረቀቱ ነው።

በ1817 ኤደንብራ ውስጥ ዊልያም ብላክዉድ የሚባል መጽሐፍ ሻጭ መጽሔት ጀመረ። መጽሔት ገጹ የተቆጠረ ነው። ሦስት ቅጽ ልቦለድ አይገባበትም። አንባቢውን ደግሞ በአሥር ገጽ ጭብጥ አድርገህ ካልያዝከው የሚቀጥለውን ወር አይገዛህም። ስለዚህ አንድ ዓይነት ታሪክ ፋሽን ሆነ፦ አንድ ሰው ጉድ ውስጥ ይገባል፣ እየሞተ እያለ የሚሰማውን ሁሉ በዝርዝር ይነግርሃል። በ1821 የወጣው አንዱ ስለ ደወል ነው። ሰውየው ደወል ቤት ውስጥ እያለ ያ ትልቁ ደወል መደወል ይጀምራል። መውጫ የለም። ወለሉ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ይተኛል፣ ብረቱ ከፊቱ ጥቂት ከፍ ብሎ ይመጣል ይሄዳል፣ ይመጣል ይሄዳል። ቤታቸው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የሆነ ሰዎች ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወሉን ሲሰሙ አስታውሱኝ።

በ1830 ደግሞ የብረት እስር ቤት ታሪክ ወጣ። ክፍሏ ሰባት መስኮት አላት። እስረኛው በነጋታው ሲቆጥር ስድስት። በማግሥቱ አምስት። ግድግዳው እየተጠጋ ነው። የፖን «ጉድጓዱና ፔንዱለሙ» ያነበበ ይህን ግድግዳ ያውቀዋል። የፖው በ1842 ነው የወጣው።

ፖ እነዚህን መጽሔቶች ልቅም አድርጎ ያነብ ነበር። እንዲያውም በ1838 አሹፎባቸዋል። አንዲት ደራሲ መሆን የፈለገች ሴት አዘጋጁን ምክር ትጠይቃለች። እሱም ማንም ገብቶበት የማያውቅ ጣጣ ውስጥ ግቢና የተሰማሽን ጻፊ ይላታል። በተከታዩ ታሪክ የሰዓት ማማ ላይ ወጥታ በቀዳዳ አንገቷን ስታወጣ የደቂቃ ቆጣሪው አንገቷን ይቆርጠዋል። እሷም የተሰማትን እየነገረችን ትቀጥላለች። ሳቄን አልቻልኩም።

ዝምተኛ
ፖ ሌባ ነው እያልሽ ነው?

የጎተራዋ
@ዝምተኛ ኧረ በፍጹም። ቀሚስ የፈለሰፈ የለም፣ ግን ጥሩ ልብስ ሰፊ አለ። ፖ የብላክዉድን ጨርቅ ወስዶ ትርፉን ቆርጦ ጣለው።

ሌላም አለ። ለምን ረጅም ልቦለድ ላይ አልቆየም? አሜሪካ እስከ 1891 ድረስ የውጭ ደራሲን መብት በሕግ አትጠብቅም ነበር። አሳታሚው የዲከንስን መጽሐፍ በነጻ እያተመ እየሸጠ ለአገሩ ልጅ ለምን ይከፍላል? የአገሩ ልጅ የቀረው መጽሔት ነው። መጽሔት ደግሞ አጭር ይፈልጋል። ሹፌሩ ለነገረን ለ«አሳባቂው ልብ» ፖ የተከፈለው 10 ዶላር ነው። እንግዲህ ሆረር አጭር ልቦለድን ማን ወለደው ካላችሁኝ፣ እናቱ መጽሔት ናት። አባቱ ላይ ተጣሉ።

ኩራዝ
ኧረ ክትፎው በአራት ሊከፈል ነው። ቆይ፣ የጄኔቫው ማታስ? እነ ገጣሚው ባይረን ዝናብ ይዟቸው ቤት ተቀምጠው ሲፎካከሩ ሁሉም ነገር እዚያ ነው የተጀመረ የሚል ቪዲዮ አይቼ ነበር።

በርሊን ማዶ
ቪዲዮ ሁሉን ነገር አንድ ማታ ላይ መጀመር ይወዳል። ሰኔ 1816 ነው። ኢንዶኔዥያ ያለው የታምቦራ እሳተ ገሞራ ከዓመት በፊት ፈንድቶ አየሩ ተበላሽቶ ነበር፣ ክረምት የሚመስል በጋ። ሐይቁ ዳር ባለው ቤት ተቀምጠው ከጀርመንኛ ወደ ፈረንሳይኛ የተመለሱ የመንፈስ ታሪኮች ያነቡ ነበር (ከጀርመንኛ ነው ያልኩት!)። ከዚያ «እያንዳንዳችን እንጻፍ» ተባባሉ። የሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን» ረጅም ሆነ። አጭር ሆኖ የወጣው የባይረን ሐኪም የፖሊዶሪ «ቫምፓየር» ነው፣ በ1819፣ ያውም በባይረን ስም። ጥሩ ማታ ነበር። ግን አዋላጅ እንጂ እናት አይደለም።

ጡረተኛው መምህር
ልጆቼ፣ ደስ የሚል ክርክር ይዛችኋል። እኔ ግን 1900 ዓመት ያህል ወደ ኋላ ልመልሳችሁ ነው።

ትንሹ ፕሊኒ የሚባለው ሮማዊ ለወዳጁ ለሱራ አንድ ደብዳቤ ጽፎለታል። አቴና ውስጥ ሰፊ ግን ስሙ የከፋ ቤት ነበረ። ሌሊት የብረት ድምፅ ይሰማል፣ በመጀመሪያ ከሩቅ፣ ቀጥሎ ከቅርብ። ከዚያም የከሳ፣ የቆሸሸ፣ ጢሙ የረዘመ ሽማግሌ ይታያል፤ እጅና እግሩ በሰንሰለት ታስሯል። ነዋሪዎቹ እንቅልፍ አጥተው ታመው አለቁ። ቤቱ ባዶ ቀረና የሚከራይ የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈበት። አቴኖዶሮስ የሚባል ፈላስፋ አየው። ዋጋው ርካሽ ሲሆንበት ጠረጠረ። ጠይቆ እውነቱን ቢነግሩትም፣ ይልቁንም ስለነገሩት ተከራየው።

ሲመሽ ቤተሰቡን ወደ ውስጥ ሰደደ። እሱ በፊተኛው ክፍል መብራቱን፣ የሚጽፍበትን ሰሌዳና ብዕሩን ይዞ ተቀመጠ። ሥራ የፈታ አእምሮ የማይሆን ነገር ይፈጥራል ብሎ አጥብቆ ይጽፍ ጀመር። ሰንሰለቱ ተሰማ። ቀረበ። በሩ ላይ ሆነ። ክፍሉ ውስጥ ሆነ። ቀና ሲል መንፈሱ ቆሞ በጣቱ ይጠራዋል። አቴኖዶሮስ ምን አደረገ መሰላችሁ? «ቆይ» ብሎ በእጁ ምልክት ሰጥቶት ጽሑፉን ቀጠለ! መንፈሱ ራሱ ላይ ሰንሰለቱን ያንኳኳበት ጀመር። በመጨረሻ መብራቱን አንሥቶ ተከተለው። መንፈሱ ብረት የከበደው ሰው እንደሚሄድ እየተጎተተ ግቢ ውስጥ ደርሶ ጠፋ። ፈላስፋው ቦታውን በሣርና በቅጠል ምልክት አደረገበት። በማግሥቱ ሹማምንቱ አስቆፈሩት። በሰንሰለት የተተበተበ አጥንት ወጣ። በወጉ ተቀበረ። ቤቱም ሰላም አገኘ።

ዝምተኛ
አዲስ አበባ ቢሆን በዚያ ዋጋ ከመንፈሱ ጋር ተስማምቶ ይኖር ነበር።

ኩራዝ
ጋሼ በጣም ነው የማመሰግነው። ግን እንደ ተማሪ ልጠይቅዎት፦ ፕሊኒ ይህን እንደ ልቦለድ ነው የጻፈው? ሰውየው «መንፈስ አለ ብለህ ታምናለህ ወይ» እያለ እየጠየቀ አይደል?

ጡረተኛው መምህር
ልክ ነህ፣ ጥሩ ቦታ ላይ ያዝከኝ። ፕሊኒ የሰማውን እንደ ወሬ ነው የሚያወራ። ወሬው ልቦለድ እስኪሆን ረጅም መንገድ ተጉዟል። በ1706 እንግሊዝ አገር ስለ አንዲት ሚስዝ ቪል አንድ ትንሽ ጽሑፍ ታትሞ ነበር፣ ለብዙ ዘመን የዳንኤል ዴፎ ነው ሲባል የኖረ። ሴትየዋ የመንገድ ልብሷን ለብሳ ካንተርበሪ ያለች ወዳጇን ልትጠይቅ በእኩለ ቀን ትመጣለች። ወዳጇ ልትስማት ስትል እጇን ዓይኗ ላይ አድርጋ «ብዙም ደህና አይደለሁም» ብላ ትሸሻለች። ብዙ ተጨዋውተው ትሄዳለች። በኋላ ሲጣራ ለካ ባለፈው ቀን ሞታለች። ጽሑፉ «እውነተኛ ታሪክ» ተብሎ ነው የወጣ። እንግዳዋ የለበሰችው ሐር ታጥቦ የለሰለሰ መሆኑ ሳይቀር ተጽፏል። መንፈስ በጠራራ ፀሐይ፣ በታጠበ ሐር! የጥበቡ ግማሽ እዚያ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ፣ ለኛ ስለሚቀርብ። የእንግሊዝ የመንፈስ ታሪክ አለቃ የሚባለው ኤም. አር. ጄምስ የካምብሪጅ ሊቅ ነበር። የገና ዋዜማ ማታ ወዳጆቹን ሰብስቦ ታሪኮቹን ያነብላቸዋል። የመጀመሪያው መድበሉ በ1904 ወጣ። ይህ ሰው ገና የኢተን ተማሪ ሳለ ግዕዝ አጥንቶ ተረፈ ባሮክን ወደ እንግሊዝኛ መልሷል። አቤሜሌክ በለስ ሊያመጣ ሄዶ ዛፍ ሥር ለጥቂት ጊዜ ጋደም ብሎ 66 ዓመት የተኛበት መጽሐፍ ማለት ነው። ሲነቃ በለሱ ትኩስ ነው፣ ወተቱ ይንጠባጠባል። ኢየሩሳሌም ሲገባ ግን ከተማዋን አላወቃትም፤ መንገድ የሳተ መስሎት ተመልሶ ወጣ። እኛ በልጅነታችን እንደ ተአምር ነበር የሰማነው። እስቲ መብራት አጥፍታችሁ እንደ ጄምስ አድርጋችሁ አስቡት።

የጎተራዋ
ጋሼ እጅ ነሥቻለሁ። እንግሊዝና ጀርመን ብቻ እንዳይመስለን ግን እኔም አንድ ልጣል። ቻይናዊው ፑ ሶንግሊንግ በ1715 ነው የሞተው። 500 የሚጠጉ ተረኮች ትቶ ሄደ፣ የታተሙት ከሞተ በኋላ በ1766። ከዋልፖል ግንብ ሁለት ዓመት ያህል ዘግይቶ መሆኑ ነው። በአንዱ ውስጥ ሰውየው መንገድ ላይ ያገኛትን ቆንጆ ቤቱ ይደብቃታል። አንድ ቀን በመስኮት ሾልኮ ሲያይ ፊቱ አረንጓዴ፣ ጥርሱ መጋዝ የሆነ ጋኔን አልጋው ላይ የሰው ቆዳ ዘርግቶ በብሩሽ እየቀባ ነው። ቀብቶ ሲጨርስ እንደ ነጠላ አራገፈውና ለበሰው። ቆንጆዋ ተመልሳ ቆመች። እንደ ፖ ሕግ ቢለካ ሰባት ደቂቃ አይፈጅም።

ተከራካሪው
ሰላም። የክትፎው ባለጉዳይ እኔ ነኝ። ኩራዝ ሊንኩን ላከልኝና ሁሉንም አነበብኩ። ፖ ነው ማለቴን አልተውኩም፣ ግን ትናንት ማታ የሆነውን ልንገራችሁ።

መብራት ጠፍቶ ነበር። እናቴ ጋ ቁጭ ብለን ስልኬ ላይ ያለውን «አሳባቂው ልብ» በአማርኛ እየመለስኩ ነገርኳት። ዓይኑን፣ ፋኖሱን፣ ሰባቱን ሌሊት። ሰውየው ሽማግሌውን ገድሎ ቆራርጦ ከወለሉ ሳንቃ ሥር ሲቀብረው አማተበች። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ሦስት ፖሊሶች ሲመጡና እሱ በድፍረት ወንበሩን ልክ ሬሳው ያለበት ላይ አድርጎ ሲቀመጥ «አይ ድፍረት» አለች። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ፣ በጥጥ እንደተጠቀለለ ሰዓት። ፖሊሶቹ ይስቃሉ፣ እሱ ብቻ ይሰማዋል። በመጨረሻ «ሳንቃውን አንሡት፣ እዚህ ነው፣ የሱ ልብ ነው» ብሎ ጮኸ። አለቀ።

እማዬ ትንሽ ዝም ብላ «ከዚያስ?» አለች።
«አለቀ እማ።»
«እንዴት አለቀ? ሽማግሌውን ማን ቀበረው?»
«አይልም።»
«ዘመድ የለውም? ጎረቤት የለም? እንደዛው ወለል ሥር ተትቶ?»
«ደራሲው እዚያ ላይ ነው ያቆመው።»

ተቆጣች። እውነቴን ነው፣ እኔ ላይ ተቆጣች። «ሰው ሳይቀበር ተረት አይዘጋም» ብላ ተነሥታ ሻማውን ይዛ ገባች። እኔን ጨለማ ውስጥ ትታኝ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም፣ እኔም ስለ ቀብሩ ሳስብ አደርኩ።

ጡረተኛው መምህር
አቴኖዶሮስን ንገራት። እሱ ቀብሮ ነው የጨረሰ።

ተከራካሪው
ጋሼ፣ ዛሬ ጠዋት ነገርኳት። «እሱ ሰው ነው» አለች። ለፖ አልፈረደችለትም።

የማታ ሹፌር
ለፖማ አለመቀበሩ ነው ሥራው። ከቀበርከው ማን ይነቃል ሌሊት?

ዝምተኛ
ክትፎውስ?

ኩራዝ
እናቱ ፈርደውልኛል ብዬ ደወልኩለት። «ነገ ጾም ነው፣ ከፋሲካ በኋላ» አለኝ። ሃምሳ አምስት ቀን!

ተከራካሪው
በለሱ ሳይበላሽ ይቆይልሃል፣ አትስጋ።